በነጭ ሣር ፓርክ ዛፍ የሚያስፈልገው የት ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ዛፍ መትከል በጎ ሥራ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቀው ስለዚያ ቀለም አላባክንም። ለአንባቢዎችዎ ላሳስብ የፈለግሁት፥ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዛፍ በየስፍራው ሁሉ በጎ አለመሆኑን ነው። ለዚህም በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለው የነጭ ሣር ፓርክ ምስክር ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ስሙን ያገኘው ከሜዳው ሣር ነው። የሜዳ አህያው የሚኖረው በዚሁ ሣር ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቆርኬ በዚያ ሜዳ ለመመናመኑም አንዱ ምክንያት የሣሩ መጥበብ ነው። ሜዳውን እሾሃማ ቁጥቋጦ እየወረሰው ሄዷል።

አመጣጡም እንዲህ ነው። ከብት ከመጠን በላይ ሲግጥ ሣሩ ይሳሳል። ሣር በሳሳበት ስፍራ እሳት ቢነሣ እንኳ የሚበላው ስለማያገኝ፥ ለጋውን ቁጥቋጦ ሳያጠፋው ያልፋል። ከብቱም ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ ይዘራለታል። አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ በመጥረቢያ ብቻ ቢመቱት ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይበረክታል እንጂ አይጠፋም።

የሚያስደንቀው ግን በዚያው ፓርክ፥ በአርባ ምንጭ ከተማ በኩል ያለው የምንጮቹ ደን ለማገዶ መቆረጡ ነው። ታላላቅ ሾላዎች የቆሙበት ይህ ደን ከተማው የሚጠጣው ውሃ የሚፈልቅበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ዛፍ በሚያስፈልግበት ይቆረጣል፤ በማያስፈልግበት ይበቅላል!

እንጨት ለቃሚዎቹን ማባረር ብቻውን አይበቃም፤ ቢባረሩም ምድጃው እንጨት ይፈልጋል። ይልቅስ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ ለሚነቅሉ ሰዎች ፓርኩ እንጨቱን ቢለቅላቸው መልካም ነበር። ከሜዳው እስከ ከተማ ያለው መንገድ አስቸጋሪ ስለሆነ ግን የጭነት መኪና ካልታከለበት በጀርባ የሚዘለቅ አይደለም። የተመነጠረውም ስፍራ ከግጦሽ ተከልክሎ ካላረፈ፥ ሣሩም ሲያገግም ባለሙያ በወቅቱ እሳት ካልለቀቀበት፥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከብት አርቢዎቹም ምትክ ግጦሽ ሳያገኙ ተነሡ ቢባሉ ሌሊት ይመለሳሉ፤ ምን ያድርጉ?

ስለዚህ የፓርኩ ኃላፊዎች የሜዳውን ሥራ ከደኑ ሥራ ለይተው፥ ለእያንዳንዱ ስንት ሰውና ስንት መኪና እንደ መደቡ በዚሁ ጋዜጣ ቢገልጹልን እጅግ እናመሰግናለን።

አንድ አንባቢ