የመጀመሪያው ቀስት
የቀስት ውርወራ በእስልምና ታሪክ ያለውን ቦታ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻንም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ.) እና በኡሁድ ኮረብታ የቆሙትን 50 ቀስተኞች የማያውቅ ቤት የለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ግን ቀስትን የሚያውቁት ከሲራ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኬንታኪ በተጀመረው የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም አማካይነት በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚማሩት ብዙዎች ናቸው። የወላጅ ጭንቀት የሚጀምረው ልጁ ቤት ገብቶ «አባዬ፣ ኮምፓውንድ ግዛልኝ» ሲል ነው።

ኮምፓውንድ ቀስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሚዙሪው ሆሌስ አለን የፈለሰፈው፣ በጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ቀስት ነው። ሲስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፤ መዘውሮቹ ሲዞሩ ግን ይቀላል። 80 በመቶ የሚያቃልል ባለ 50 ፓውንድ ቀስት ተስቦ ሲያልቅ እጅ ላይ የሚቀረው 10 ፓውንድ ብቻ ነው። ተረጋግቶ ለማነጣጠር የሚያመቸውም ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ምቾት አባቶችን ያታልላል። «መጨረሻው ቀላል ነው» ብለው ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ 60 ፓውንድ ይገዛሉ። በዓለም አቀፍ ውድድር ለአዋቂ እንኳ የሚፈቀደው ከዚያ አያልፍም! ወደ ቀላሉ ለመድረስ ከባዱን ማለፍ ግድ ነው፤ የሚጎዳውም ያልጠነከረው ትከሻ ነው። መፈተኛው እነሆ፦ ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳያነሣ፣ ወደ ዒላማው እንዳቀና ቀስ ብሎ ይሳበው። ካቃተው ክብደቱ ይቀነስለት። ለሴቶች ልጆቻችንም ፈተናው ያው ነው።

የመሳቢያው ርዝመትም እንደ ጫማ ቁጥር ነው። ሁለቱ እጆች ተዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው በኢንች ተለክቶ ለ2.5 ይካፈላል፤ 65 ኢንች ከሆነ 26 ይመጣል ማለት ነው። ይህ መነሻ ግምት ሲሆን የሱቁ ባለሙያ ያስተካክለዋል። በዚህም ሳቢያ የታላቅ ወንድም ቀስት እንደ ጃኬቱ ለታናሹ አይወርድም። ልጆች ለበዙበት ቤት እኛ የምንመርጠው በዚያው የትምህርት ቤት ፕሮግራም የሚሠራበትን ጀነሲስን ነው። ማቃለያ የለውም፤ ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ይስተካከላል፤ ለሁሉም እጅ ይሆናል።

ያገለገለ ቀስት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ክንፎቹ ላይ ጥጥ ይደባበስ፣ ጥጡን ከያዘው ስንጥቅ አለ። አውታሩ የተበጣጠሰ ከሆነም በቤት አይቀየርም፤ ልዩ መጭመቂያ መሣሪያ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ፍላጻ ሳይኖር አውታሩን ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው። ፍላጻው ይዞት መሄድ የነበረበት ኃይል ወደ ቀስቱ ተመልሶ ክንፉን ሊሰብር፣ ስባሪው ፊት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከልኩ በታች የቀለለ ፍላጻም ጉዳቱ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ከበጀቱ የተወሰነው ለቀስቱ ተስማሚ ለሆኑ ፍላጻዎች ይቀመጥ። በጓሮ መለማመድን የሚከለክሉ ከተሞች ስላሉም ዒላማው ከመተከሉ በፊት የአካባቢው ደንብ ይጠየቅ።