«ፎርማት ይደረግ» መድኃኒት አይደለም

ፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር ሲንቀራፈፍ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» አዲስ አበባ ባለ የጥገና ሱቅም ይሁን በአዊ ዞን በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ምክሩ አይለወጥም። ምክሩ ርካሽ ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው።

አንድ ቤተሰብ ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ተዝካሩን፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ፎቶ ሁሉ የሚያጠራቅመው ቤት ባለው ኮምፒውተር ነው። ሌላ መዝገብ ቤት የለውም። ጠጋኙ «ፎቶው ተገልብጧል፣ አያስቡ» ይላል። አልዋሸም፤ ፎቶው ተገልብጧል። የጠፋው ሌላ ነው።

ላይትሩም ላይ የተሠራ እርማትና የአልበም ድልድል በዋነኛነት የሚቀመጠው ፎቶው ውስጥ ሳይሆን ካታሎግ በሚባል የተለየ ፋይል ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ድጋፉን ያቆመበት ፒካሳም አልበሞቹን የሚመዘግበው ለብቻ ነው። ይህ መዝገብ ሳይገለበጥ ዲስኩ ከተጠረገ የሚቀረው ስም አልባ የፎቶ ክምር ነው። ፈረስ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት አዛውንት አርፈው ከሆነ ደግሞ ማን መልሶ ይጽፈዋል?

ፎርማት ያፈጥናል የሚሉት ፈጽሞ አልተሳሳቱም። የተከማቹ ፕሮግራሞች ስለሚጠረጉ ለጊዜው ይቀላል። ዲስኩ ግን ያው ዲስክ ነው። ሶፍትዌሩ ፎቶዎችን ለማሳየት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ምስሎችን ከየቦታው ያነባል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከቦታ ቦታ እየዘለለ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ቢያነብ ነው፤ ኤስኤስዲ ግን በአስር ሺዎች ጊዜ ያነባል።

እንግዲህ አዲስ ኮምፒውተር መግዛትም፣ ፎቶ ማጥፋትም ግድ አይደለም። ካታሎጉንና የትንንሽ ምስሎቹን ማከማቻ ወደ አነስተኛ ኤስኤስዲ ማዛወር፣ ዋና ፎቶዎቹን በነባሩ ሃርድ ዲስክ ላይ መተው ትልቁን ለውጥ ያመጣል። ሳንቲም የማያስወጣም አለ፦ ፊት የመለየት ሥራውን ኮምፒውተሩ ሥራ ለሚፈታበት ሰዓት ማቆየት፣ ዲስኩን እስከ አፉ አለመሙላት፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ብሮውዘሩን መዝጋት፣ ላይትሩም ላይ ካታሎጉን የማስተካከያ ትዕዛዝ መስጠት። መብራት በድንገት ሲጠፋ ካታሎጉ ሊበላሽ ስለሚችልም በየጊዜው መገልበጥ ያስፈልጋል።

«ኢንተርኔት ላይ ይጫንና ይገላገሉ» የሚሉም አሉ። የጉግል ፎቶስ ያለገደብ ነፃ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2021 አብቅቷል። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ጎተራ ትርፍ እህል ይቀመጥበታል እንጂ የዘር እህል አይቀመጥበትም።

ጠጋኞች ኑሯቸው ነውና ፈጣኑን መንገድ ቢመርጡ አይገርምም። ደንበኛው ግን ኮምፒውተሩን ከማስረከቡ በፊት ሁለት ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው፦ ካታሎጉ የት ተገለበጠ? ሌላ ኮምፒውተር ላይስ ሲከፈት ታይቷል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ባለሙያ ዲስክ መጥረግ ይችል ይሆናል፤ የቤተሰብ ታሪክ ግን በአደራ ሊሰጠው አይገባም።