ከሽንኩርት ልጣጭ ቀጥሎ ስኳር ድንች ይምጣ

ማይክሮስኮፕ ባለው ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወትን የተማረ ተማሪ የሽንኩርትን ስስ ልጣጭ በአዮዲን አቅልሞ መመልከቱን አይዘነጋም። እንደ ጡብ ተደርድረው የሚታዩት ሕዋሳት ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን አይንቀሳቀሱም፣ አይለወጡም፣ ለምንም ነገር መልስ ሲሰጡ አይታዩም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ብዙዎቻችን ተክልን ዝም ብሎ እንደሚጠቃ ግዑዝ ነገር የምንቆጥረው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ከሽንኩርቱ ቀጥሎ ሌላ ሙከራ በክፍል ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ እርሱም የቆሰለ ስኳር ድንች ነው።

ድንች ከአፈር በታች ያበጠ ግንድ ሲሆን ስኳር ድንች ግን እውነተኛ ሥር ነው። በወላይታና በሐረርጌ ብዙ ቤተሰብ የሚመገበው ይህ ሥር ሲቆፈር በዶማ ይቆረጣል፤ በጆንያ ሲጫንም ቅርፊቱ ይላጣል። ሪዞፐስ የተባለው ሻጋታ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ያልተነካውን ቅርፊት ሰርስሮ መግባት እምብዛም አይሆንለትም፤ በቁስል በኩል ከገባ ግን ሥሩን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያበሰብሰዋል።

ቢላዋ ያለፈበት ሕዋስ ይሞታል። ጎረቤቱ ግን ወዲያውኑ ሥራ ይጀምራል። በቅጽበት የካልሲየም መጠን በውስጡ ከፍ ይላል፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይመረታል፤ ጃስሞኒክ አሲድና ኤትሊን የተባሉት ሆርሞኖች ይከተላሉ። በቁስሉ ፊት ያሉት ጥቂት ረድፎች ይደርቃሉ። ከእነርሱ ሥር ያሉት ደግሞ ግድግዳቸውን በሊግኒንና በሱበሪን ይለስናሉ። ይበልጥ የሚያስደንቁት ግን ከዚያም በታች ያሉት ናቸው፤ ሥራቸው ስታርች ማከማቸት ብቻ የነበረው እነዚህ ሕዋሳት እንደገና መከፋፈል ጀምረው አዲስ የቡሽ ሽፋን ይሠራሉ። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ የአየሩ እርጥበትም ከመቶ 85 በላይ ከሆነ ቁስሉ ከ4 እስከ 7 ባሉት ቀናት ይሽራል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ሕዋሳቱ ሳይለስኑ ይደርቃሉ፤ ብርድ ከሆነም ሥራው ይጓተታል። ከቆላ የተቆፈረ ስኳር ድንች ሳይሽር በማግስቱ ወደ ደጋ ከተማ ተጭኖ በብርዱ ሌሊት ሲያድር ምን እንደሚደርስበት ከዚህ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥር የሚኖረው በተሕዋስያን መካከል ነው፤ በአንድ ግራም አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሊገኙ ይችላሉ። ታዲያ ለሁሉም የሚቆጣ ከሆነ መቼ ያድጋል? በስዊዘርላንድ የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት ለዚህ ግሩም መልስ ይሰጣል። አረቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ሥር ላይ፣ የበሰሉት የሥሩ ክፍሎች ከባክቴሪያ ጅራፍ የተወሰደ ፕሮቲን ቅንጣት ቢቀርብላቸውም ዝም አሉ። በሌዘር ጨረር ጥቂት ሕዋሳት ሲገደሉ ግን በአጠገባቸው ያሉት፣ እነርሱ ብቻ፣ ያንን ቅንጣት የሚለይ ተቀባይ አውጥተው ተቆጡ። ሥሩ የሚነቃው ጉዳትና ተሕዋስያን በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ ነው ማለት ነው። (ይህን «ተክል ሕመም ይሰማዋል» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ነርቭም አንጎልም በሌለው አካል ላይ ቃሉን መለጠፍ ግን ነገሩን ያደበዝዛል እንጂ አያብራራም።)

የሥር መከላከያ ለእኛም ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ስኳር ድንች በፈንገስ ሲጠቃ ኢፖሜያማሮን የተባለ መራራ ውሕድ ያመርታል፤ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሚመደብ ሌላ ውሕድ የከብትን ሳንባ አጥቅቶ ይገድላል። «ለሰው ባይሆን ለከብት ይሁን» ተብሎ የሻገተው ስኳር ድንች በረት ውስጥ የሚጣልበት ልማድ መቅረት ያለበት ለዚህ ነው።

መሣሪያ የለንም የሚል መምህር ይኖር ይሆናል። ሌዘሩ በእርግጥ የለንም፤ ስኳር ድንች፣ ቢላዋና ክዳን ያለው ሣጥን ግን አይጠፋም። ተማሪዎች ቁራጮቹን ለሁለት ይክፈሉ፤ ግማሹን በእርጥብ ጨርቅ በተሸፈነ ሞቃት ሣጥን፣ ግማሹን በደረቅ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ። በአምስተኛው ቀን ከሁለቱም ስስ ቁራጭ ወስደው በፍሎሮግሉሲኖልና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያቅልሙ፤ አሲዱን የሚይዘው መምህሩ ብቻ ይሁን። ሊግኒን ያለበት ግድግዳ ቀልቶ ይታያል። ከእርጥቡ ሣጥን በወጣው ላይ ቀዩ መሥመር ሳይቋረጥ መዘርጋቱን፣ በደረቁ ላይ ደግሞ የት የት እንደተበጠሰ ተማሪው ራሱ ይቁጠር። ከገበያ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ከተገኙ ሙከራው ይበልጥ ይጥማል፤ በደረቅ አየር የመሻር ችሎታቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያልና።