የመስተዋቱ ጠርዝ ለምን ይጠቁራል?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ነገ ጧት ፊታችሁን ስትታጠቡ ዓይናችሁን ከመስተዋቱ መካከል አንሡና የታችኛውን ጠርዝ እስቲ ተመልከቱት። ምናልባት ከወደ ጥጉ ጥቁር ነጥብ፥ ወይም የሸረሪት እግር የመሰለ ጭረት ታዩ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «እድፍ ነው» ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ሥራ በያዝሁበት በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት አሮጊት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ከክፍሌ ጋራ የተያያዘ ሲሆን መስኮቱ ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተሰቀለው መስተዋት የአከራዬ ነው። ሟቹ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ጢማቸውን ይላጩበት እንደ ነበረ የነገሩኝ ቁልፉን ባስረከቡኝ ዕለት ነው። «ልጄ፥ ሌላው ዕቃ ቢሰበር ይተካል፤ ይህን ግን አደራ» አሉኝ። «ይሁን እማማ» አልኋቸው።

እንግዲህ ያጠፋሁት አደራውን እጠብቃለሁ ብዬ ነው። ከታች በኩል ጥቁር ነገር ብቅ ማለቱን ባየሁ ጊዜ ጨርቅ በበረኪና ነክሬ ፈተግሁት። አልለቀቀም። በሌላ ቅዳሜ ደግሞ በአቼቶ ሞከርሁት። (ሁለቱን በአንድነት አለመቀላቀሌ ዕድል ነው፤ በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነውና ይህን ከቶ እንዳታደርጉ።) ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጥቁሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። አንድ ቀን አከራዬ ቧንቧ የሚጠግን ሠራተኛ ይዘው ሲገቡ አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ጠርዙን ጠረግ ጠረግ አድርገው ዝም ብለው ወጡ።

መስተዋት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የተነሣሁት ከዚያ ወዲያ ነው።

ፊታችንን የሚያሳየን ብርጭቆው አይደለም፤ ከብርጭቆው ጀርባ የተለበጠው ብር ነው። በጥንት ጊዜ በብሩ ፈንታ ቆርቆሮና ባዜቃ ይለበጥ ነበር፤ የባዜቃውም ተን ሠራተኞቹን ይመርዛቸው ነበር። በ1835 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለ የጀርመን የኬሚስትሪ ሊቅ ብር የሟሟበትን ፈሳሽ ከሌላ ነገር ጋራ በማዋሐድ ብሩ ተነጥሎ በብርጭቆ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። የዛሬው መስተዋት ከዚያ የመጣ ነው። የብሩ ንጣፍ ከሰው ፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ የሳሳ ነው። በእርሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስስ መዳብ ይደረብበታል፤ ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን መዳብ የሌለውም ይሠራል። ከሁሉ በላይ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ለብሩ እንደ ካፖርት ነው ማለት ነው።

ችግሩ ይህ ካፖርት ጀርባውን ይሸፍናል እንጂ ጠርዙን አይሸፍንም። ነጋዴው ትልቁን መስተዋት በፈለጋችሁት ልክ ሲቆርጥላችሁ፥ በተቆረጠበት መሥመር ሁሉ ብሩም መዳቡም ራቁቱን ይቀራል። ውሃ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ራሱን እየሳበ መግባት ያውቃል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ያለ ነው። ስትታጠቡ የተረጨው ውሃ በመስተዋቱ ፊት ላይ ወርዶ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም በቀለሙና በብርጭቆው መካከል ይገባል። መዳቡ ይዝጋል፥ ቀለሙ ይነሣል፥ ብሩም ይጠቁራል። የአንገት ብር መስቀል ያላችሁ ብር ሲጠቁር አይታችኋል፤ መስቀሉ ግን ቢወለወል ይነጣል፤ የመስተዋቱን ብር ልወልውልህ ብትሉት እጃችሁ አይደርስበትም፤ በብርጭቆና በቀለም መካከል ነውና።

የኔ በረኪናና አቼቶ የሠሩትንም አሁን መገመት ትችላላችሁ። በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ብርን ያጠቃል። አቼቶው አሲድ ስለ ሆነ መዳቡን ይበላል። በየሱቁ ለመስተዋት ማጽጃ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ አሞኒያ አለባቸውና እርሱም ለመዳቡ ጠላት ነው። እኔ እያንዳንዱን በየተራ እስከ ጠርዙ ድረስ በሚያንጠባጥብ ጨርቅ አጠጣሁት።

ወደ መርካቶ ወርጄ አንድ መስተዋት ቆራጭ ባማክር ሳቀብኝ። «ወንድሜ፥ አንተ ፊቱን ታጥባለህ፤ በሽታው ያለው ከጀርባው» አለኝ። የጠቆረው ዳግመኛ እንደማይነጣ፥ ነገር ግን የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ቢወጣና አዲሱ ጠርዝ ቢሸፈን የቀረው ሊድን እንደሚችል ነገረኝ። አራት ጣት ያህል ከታች መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህን ለአከራዬ መንገር ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ በረንዳቸው ላይ ቡና ሲያፈሉ ጠብቄ ሁሉንም፥ በረኪናውንም ጭምር ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የላይኛው ይቀራል?» አሉ። «ይቀራል እማማ» አልሁ። «እንግዲያማ ይቆረጥ» አሉ።

ቆራጩ ካስተማረኝ ውስጥ ለእናንተ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። የተቆረጠው ጠርዝ በደንብ ደርቆ ከተጠረገ በኋላ በአራቱም በኩል ቫርኒሽ ይቀባል። መስተዋቱ ትንሽ ከሆነ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለምም ይበቃል። በሲሊኮን የምትሸፍኑ ከሆነ ግን ስትከፍቱት እንደ አቼቶ የሚሸተውን አትግዙ፤ እርሱ ሲደርቅ አሲድ ያወጣልና ልትጠብቁት ያሰባችሁትን ብር ይበላዋል። ለመስተዋት የሚስማማ መሆኑ የተጻፈበትን ጠይቁ። መስተዋቱን ስትሰቅሉ ከግድግዳው ጋራ አታጣብቁት። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ አራት ቁራጭ አውጥታችሁ በአራቱ ማዕዘን ከኋላ ብታደርጉ ነፋስ ያልፋል፤ እርጥበትም አይታሰርም። የታችኛው ጠርዝ በመታጠቢያው ከንፈር ላይ እንዳያርፍ ቢያንስ አንድ ጣት ከፍ ይበል። ግድግዳው አዲስ የተለሰነ ከሆነ እስኪደርቅ ታገሡ፤ እርጥብ ሲሚንቶ የጀርባውን ቀለም ይጎዳል።

ስለ ማጽዳቱ የሚባለው ጥቂት ነው። ንጹሕ ውሃ ነክሮ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ፥ ቀጥሎም ደረቅ ጨርቅ፤ ሌላ አያሻም። ማጽጃ መርጨት ግድ ከሆነባችሁ በጨርቁ ላይ እንጂ በመስተዋቱ ላይ አትርጩ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ጥረጉና በጠርዙ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ሳትወስዱ አትሂዱ። ብዙ ሰው በጋዜጣ ይወለውላል፤ ደረቅ ጋዜጣ ውሃ ስለሚመጥ አይከፋም። የዚህ መጽሔት ወረቀት ግን አይመጥምና ለዚህ ሥራ ባታውሉት ደስ ይለኛል።

አንዳንዶች የሚፈሩት ጉሙን ነው። ጉም ማለት ሞቃቱ የውሃ ተን ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲያገኝ ወደ ጠብታነት መለወጡ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ከተማ ሌሊቱ ስለሚበርድ መስተዋቱ ጧት ጧት ቀዝቅዞ ይጠብቀናል። በፊቱ ላይ ያለው ጉም ብቻውን ብሩን አይነካውም፤ ጠብታ ሆኖ ወደ ጠርዙ እንዳይወርድ ነው መጠንቀቅ። በባልዲ የምትታጠቡ ሰዎች ቀዝቃዛውን ውሃ አስቀድማችሁ፥ የፈላውን ከኋላ ብትጨምሩ ተኑ በእጅጉ ይቀንሳል። ከታጠባችሁ በኋላ መስኮቱንም በሩንም ክፈቱ፤ ክረምትም ቢሆን ክፈቱ። ቸኩሎ ለሚላጭ ሰው ደግሞ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በመስተዋቱ ፊት ላይ ቀብቶ እስኪጠራ ድረስ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይጠቅማል፤ ውሃው በጠብታ ፈንታ እንደ ስስ ሽፋን ስለሚዘረጋ ፊት ይታያል። ለጥቂት ቀን ያገለግላል፤ ከዚያ መድገም ነው።

የአከራዬን መስተዋት አራት ጣት አሳጥሬ፥ ጠርዙን ቫርኒሽ ቀብቼ፥ ከመታጠቢያው በላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት። በማግሥቱ እሑድ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ገብተው እንዲያዩት ለመንኋቸው። ቁመታቸው አጭር ስለ ሆነ ከግንባራቸው በላይ ብቻ ታያቸው። እንዳላስቀይማቸው ፈርቼ «እማማ፥ ከፍ አደረግሁት መሰለኝ» አልሁ። «ዱሮም በሱ ቁመት ነው የተሰቀለ፤ ለኔ ደርሶኝ አያውቅም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ለራሳቸው ትንሽ መስተዋት ከሳሎናቸው በር አጠገብ፥ ተን ከማይደርስበት ቦታ እንድሰቅልላቸው አዘዙኝ። እርሷንም ቢሆን ጠርዟን ቫርኒሽ ሳልቀባ አልሰቀልኋትም።