«ያው ቢዝነስ ነው» ለምትሉ

ዲፓርትመንት በተለየ ሰሞን ለዕረፍት የመጣ ተማሪ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሲጠየቅ እሰማለሁ። «ምን ደረሰህ?» ይሉታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያው ቢዝነስ ነው» ይላል። ይህቺን «ያው» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። ባለፈው ዓመት ሕክምና የደረሳትን እኅታችንን መድረክ ላይ አውጥተን እጅ ጭነን ጸለይንላት። በዚያው እሑድ አካውንቲንግ የደረሰው ወንድም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አብሮን አሜን ይል ነበር። ለእርሱ ማንም አልጸለየም። እኔም ጭምር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምከራከረው ከእኛ ከአስተማሪዎቹ ጋር ነው። ሐኪም ሰው ያድናል፣ መሐንዲስ ድልድይ ይሠራል፣ ቢዝነስ ያጠና ግን ባንክ ገብቶ የሰው ብር ይቆጥራል ብለን ያሳደግናችሁ እኛ ነን። በእኔ ጊዜ መንግሥት ከመቶ 70ውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የመመደብ ፖሊሲ ነበረው፤ ቢዝነስ ከ30ው ውስጥ ነበረ። ራሳችንን እንደ ተራፊ የቆጠርነው ምናልባት ከዚያ ጀምሮ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግን የመንግሥትን ኮታ የጥሪ መለኪያ ማድረግ አልነበረባትም።

ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን አንብቡ። ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የሚሰበሰብ ብዙ ገንዘብ አለ። ጳውሎስ ብቻውን ይዞት አይሄድም። ቲቶን ይልካል፤ ከእርሱ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ያስከትላል፤ ሦስተኛም ይጨምራል። ምክንያቱንም አይደብቅም፤ በገንዘቡ አያያዝ ማንም እንዳይነቅፈው ይጠነቀቃል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ቀና የሆነውን ያስባል። ይህንን የኦዲት መምህራችሁ «ኢንተርናል ኮንትሮል» ይለዋል። «ሐዋርያ ነኝ፣ እመኑኝ» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። በአንጻሩ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ መካከል ከረጢቱን ይይዝ የነበረው ማን እንደሆነና ከውስጡ ምን ያደርግ እንደነበረ ዮሐንስ ምዕራፍ 12 ላይ ታገኛላችሁ።

አካውንቲንግ አንድ ላይ ዴቢትና ክሬዲት ብላችሁ የምትጀምሩትን የሁለትዮሽ አመዘጋገብ በመጽሐፍ አትሞ ያሰራጨው ሉካ ፓቾሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ። ዘዴውን የፈለሰፈው እርሱ አይደለም፤ ነጋዴዎች ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። ሰውየው ግን የፍራንሲስካን መነኩሴ ነበር፤ ነጋዴ መዝገቡን በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምርም ይመክራል። እኛ ዘንድ «ዓለማዊ» የተባለው ትምህርት በመነኩሴ እጅ ነው የታተመው።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ጎንደር ብትመደቡ ማራኪ፣ ጅማ ብትመደቡ ቤኮ፣ ባሕር ዳር ብትመደቡ ፔዳ ግቢ ውስጥ ናችሁ። ከቤት ርቃችኋል፤ ቤተሰብ የሚሆናችሁ ፌሎ ነው። ፌሎን የሚነቅፍ ከእኔ አይስማማም። በመጀመሪያው ዓመት ታምሜ ዶርም ውስጥ ስተኛ ሾርባ ያመጡልኝ የፌሎ ልጆች ናቸው። ችግሬ ሌላ ነው፤ አገልግሎትን ላለማጥናት ሰበብ ማድረጋችን። ሰኞ የመሪዎች ስብሰባ፣ ማክሰኞ የመዝሙር ልምምድ፣ ዓርብ አዳር ጸሎት፤ የግሩፕ አሳይመንቱ ማስረከቢያ ሲደርስ «ስሜን አስገቡልኝ»።

እኔም ብያለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የኮስት አካውንቲንግ አሳይመንት ለአምስት ተሰጠን። ሥራውን የሠራው ሙስሊም የዶርም ጓደኛዬ ነበር። እኔ ልምምድ ላይ ነበርኩ። ስሜን በሦስተኛ ተራ ጻፈልኝ። ውጤቱ ሲመጣ አምስታችንም እኩል 18 ከ20 አገኘን። እርሱም ሳይቆጣ፣ እንዲያውም እየሳቀ፣ «አንተ ዘመርክ፣ እኔ ሠራሁ፣ ማርኩ ግን እኩል ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። በሚቀጥለው ቀን ስለ ኢየሱስ ልነግረው አስቤ ነበር፤ አፌ አልከፈት አለኝ። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረን፣ ከዚያ በኋላ ደፍሬ አልነገርኩትም።

የሠራው ሥራ ላይ ያልሠራ ሰው ስም መጻፍ ምን እንደሚባል ኦዲት አስተምሯችኋል። ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኮምፒውተር ቤት የተገዛ የመመረቂያ ጽሑፍም ያው ነው። ርዕሱን ቀይረው፣ የባንኩን ቅርንጫፍ ስም ቀይረው፣ መጠይቁን ማንም ሳይሞላው በሰንጠረዥ ሞልተው ያወጡታል። ምስጋና በሚለው ገጽ ላይ ግን መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመሰገናል። ይህ ያስፈራኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በዚያ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። «ጸልይልኝ» ትሉኛላችሁ፤ እጸልያለሁ። ነገር ግን አራት ዓመት ያልተከፈተ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ጾም እንዲገለጥላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ እግዚአብሔርን የኩረጃ ተባባሪ እንዲሆን እየጠየቃችሁት ነው። ዳንኤል የከለዳውያንን ጽሑፍና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተማረ። አሥር እጥፍ በልጦ የተገኘው ተምሮ ነው።

«ቢዝነስ ብዙ ካጠናን የገንዘብ ፍቅር ይይዘናል» የሚሉ አሉ። የገንዘብ ፍቅር ሒሳብ በማያውቅም ልብ ውስጥ ይበቅላል፤ እንዲያውም እዚያ ይመቸዋል። በየኮንፈረንሱ «ከመካከላችሁ ሚሊየነሮች ይነሣሉ!» ሲባል ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ማን እንደሆነ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የአንድ ግቢ ልጆች ለወንጌል ጉዞ ገንዘብ ለማሰባሰብ 60 ቲሸርት አሳተሙ። አንዱን በ260 ብር፤ ለማጓጓዣ 1,800 ብር ከፈሉ። አንዱን በ300 ብር 48 ሸጡና መድረክ ላይ ወጥተው «ጌታ 14,400 ብር ሰጠን!» አሉ። ጭብጨባው ሊያልቅ አልቻለም። ወጪያቸው 17,400 ብር ነበር። ወጪው የሚመለሰው 58ኛው ቲሸርት ሲሸጥ ነው፤ ሁሉም ቢሸጥ እንኳ ትርፉ 600 ብር ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሦስተኛ ዓመት ማኔጅመንት ተማሪ ነበር። በኋላ በወረቀት ስናሰላው ፊቱ ቀላ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ከኪሱ ሊሞላ ፈለገ። የጎደለው ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የ3,000 ብር ጉድለት እግዚአብሔር የሰጠው ተብሎ በጉባኤ ፊት ተመስክሯል።

ይህ ቀላሉ ነው። ከበዱን ልንገራችሁ። በማውቃት አንዲት አጥቢያ ለሕንፃ የተሰበሰበ ገንዘብ ላይ ጥያቄ ተነሣ። ገንዘብ ያዡ ሽማግሌ አልሰረቁም፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ። ግን የአሸዋና የሲሚንቶ ደረሰኝ በየኪሳቸው፣ የተከፈለው ለማን እንደሆነ በቃላቸው ነበር። የባንኩ መግለጫና የእርሳቸው ደብተር አልገናኝ አለ። በመዘምራኑ ውስጥ በአካውንቲንግ የተመረቁ ሁለት ልጆች ነበሩ። የባንክ ማስታረቂያ እንዲሠሩ ተጠየቁ። አልቻሉም። ዲግሪ አላቸው፣ ጋዋን ለብሰው የተነሡት ፎቶ አላቸው፤ ሁለት ዝርዝር አመሳክሮ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማሳየት አልቻሉም። በስድስት ወር ውስጥ ምእመናኑ ለሁለት ተከፈሉ። ሽማግሌው ቤታቸው ዋሉ፤ ሌባ የሚለውን ስም እንደያዙ ዐረፉ።

የሙያው ሰዎች ያንን ወረቀት «ማስታረቂያ» ማለታቸው አንዳንዴ ይገርመኛል። እኛ ስለ ማስታረቅ ስንት ስብከት አለን። ያን ጊዜ ግን የሚያስፈልገን ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማርኬቲንግ የደረሳችሁን መድረክ ላይ እናወጣችኋለን። እጅ እንጭናለን። ሽማግሌዎቹን አነጋግሬ ጨርሻለሁ። እናንተም ባዶ እጃችሁን አትምጡ። የእኛም በጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቷል መባሉ ነው እንጂ ሒሳቡ ገና አልተዘጋም። የደረሰኞቹ ካርቶን ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ አለ።