አንበሳ ጎረቤቱ የሆነ መንደር

አንባቢ ሆይ፤ የእንግሊዝ አገር መንደር ሲባል በአሳብዎ የሚመጣው ምንድን ነው? በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ላደገ ሰው መልሱ አያስቸግርም። አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ አረንጓዴ መስክ፣ በመስኩ ዙሪያ ተራርቀው የቆሙ ቤቶች፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ከመጠጥ ቤቱም ደጅ የተጋደመ አንድ ሰነፍ ውሻ። እንግዲህ በዚህ ሥዕል ላይ የአንበሳ ግሣት ይጨምሩበት። እኛ የጅብ ድምፅ ሲሰማ በር መቀርቀር የለመድን ሰዎች ነንና ነገሩ ቀልድ ይመስለን ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መንደር ግን በእውነት አለ።

ከሎንዶን ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በቤድፎርድሺር አውራጃ ዊፕስኔድ የሚባል ታናሽ መንደር ይገኛል። ከነጭ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ነው። ከመንደሩ አጠገብ የነበረውን አንድ የተተወ እርሻ በ1926 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሎንዶን የአራዊት ጥናት ማኅበር ገዛው። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሰር ፒተር ቻልመርስ ሚቸል በከተማ መካከል በጠባብ ቤት ከመታጎር ይልቅ ሰፊ ሜዳና ንጹሕ አየር ለአራዊት እንደሚሻላቸው ያምኑ ነበርና ይህን ስፍራ መረጡላቸው። በ1931 በግንቦት ወር ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ስፋቱ 600 ኤከር ነው፤ በእኛ በቀድሞው ልክ 6 ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። በግቢው ውስጥ ዎላቢ የተባለችው ታናሽ የካንጋሮ ዘመድ ልጇን በሆዷ ከረጢት ይዛ በሰው መካከል እንደ ልቧ ትዘላለች።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የኦክስፎርዱ መምህርና ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ወንድሙ በሚነዳው ሞተር ብስክሌት የጎን መቀመጫ ተቀምጦ ወደዚህ ሄደ። ከቤቱ ሲነሣ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን አያምንም ነበር፤ ከአራዊቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ማመኑን ኋላ ራሱ ጽፏል። ለጸሎት ሳይሆን ዝሆን ለማየት በተነሡበት መንገድ እምነት ማግኘት እንግዳ ነገር ነው!

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሕይወት የሌለው አንበሳ ነው። በኮረብታው ፊት ሣሩ ተገፎ፣ ነጩ ድንጋይ እንዲታይ ተደርጎ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአንበሳ ምስል ተቆረጠበት። ርዝመቱ 147 ሜትር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጀርመን አውሮፕላን መሪ ምልክት እንዳይሆን ሸፈኑት፤ ከጦርነቱ በኋላ ገለጡት። ነገር ግን የዚህ አንበሳ ክፉ ጠላት አውሮፕላን አይደለም፤ ሣር ነው። ጥቂት ዓመት ዝም ቢሉት ሣሩ ከእግሩ ጀምሮ ይበላዋል። በ2018 ሲታደስ 800 ቶን የኖራ ድንጋይ ፈሶበታል። ቱሪስቱ ከሜዳው ቆሞ «እንዴት ያምራል!» ሲል ያን ሁሉ ድንጋይ ማን እንዳፈሰሰው አይጠይቅም።

የመንደሩ ሌላው ውበትም እንደዚሁ የተደከመበት ነው። ኤድመንድ ብላይዝ የተባለ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሁለት ወዳጆቹ፣ ኋላም ሦስተኛው በመኪና አደጋ ሞቱበት። ለመታሰቢያቸው ሐውልት አላቆመም፤ ከ1932 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ቅርጽ ዛፍ ተከለ። ግድግዳው ዛፍ፣ ዓምዱ ዛፍ፣ ጣራው ሰማይ ነው። ሊያልቅ ሲል ሌላ ጦርነት መጣ።

በዚያው አውራጃ ዎበርን የምትባል ታናሽ ከተማ አለች። በአጠገቧ የቤድፎርድ መስፍኖች ርስት የሆነ ሰፊ የአጋዘን መስክ አለ፤ ከ1970 ጀምሮም ሰው በመኪናው ውስጥ ሆኖ በአንበሶች መካከል የሚያልፍበት ግቢ ተከፍቶበታል። እኔን ግን የሚያጓጓኝ አጋዘኑ ነው። በ1865 አባ አርማን ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ ሚሲዮናዊ በፔኪን አጠገብ በንጉሠ ነገሥቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ቢመለከቱ፣ ኤውሮጳ የማያውቀው አጋዘን አዩ። ቻይናዎች ቀንዱን ከአጋዘን፣ ሰኮናውን ከላም፣ አንገቱን ከግመል፣ ጅራቱን ከአህያ የወሰደ ነገር ግን ከአራቱም አንዱን ያልሆነ ይሉታል። በ1895 ጎርፍ አጥሩን አፈረሰው፤ ያመለጠውን የተራበ ሕዝብ በላው፤ የቀረውን በ1900 በነበረው ብጥብጥ ወታደር ጨረሰው። 11ኛው የቤድፎርድ መስፍን በኤውሮጳ የአራዊት ማሳያዎች ተበታትነው የቀሩትን 18 አጋዘኖች ገዝተው ዎበርን ሰበሰቡ። ዛሬ በዓለም ያለው የዚህ አጋዘን ዘር በሙሉ ከዚያ መንጋ የወረደ ነው። በ1985ም ከዎበርን ወደ ቻይና ተመልሰው፣ አባ ዳቪድ በአጥር ላይ ሆነው ባዩበት በዚያው ስፍራ ተለቀቁ። አስቡት፤ የአንድ ታላቅ አገር ንብረት በአንዲት የገጠር ከተማ ደጅ ተጠብቆ 85 ዓመት ቆየ!

ታዲያ ሁሉም ነገር እንዲህ ያማረ አይደለም። እነዚሁ መስፍን ሙንትጃክ የተባለ፣ ከሚዳቋ የማይበልጥ የቻይና አጋዘንም አምጥተው ነበር። እርሱ ከአጥሩ ወጣ። ዛሬ በእንግሊዝ ጫካ ሁሉ ተራብቶ እንደ ውሻ እየጮኸ የጫካውን አበባና ቡቃያ ይግጣል፤ በሌሊት ገብቶ ያሮጊቶችን ጽጌረዳ ይጨርሳል። አንዱን ዘር ያዳነ እጅ ሌላውን አምጥቶ ጫካውን አስበላ። ስለዚህ መስፍኑን ማመስገኑን አልተውም፤ ግን እጄን በሙሉ አላጨበጭብም።

ለትምህርት ወደዚያ አገር የሚሻገሩ ካሉ፣ የአራዊቱ ግቢ የመግቢያ ዋጋ ለተማሪ ኪስ ይከብዳል። መስኩንና የዛፉን ቤተ ክርስቲያን ግን ያለ ገንዘብ ማየት ይቻላል። ነጩን አንበሳ ለማየት ከኮረብታው በታች ወዳለው ሜዳ ይውረዱ፤ ከቅርብ ሲያዩት የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ጠንካራ ጫማ ያድርጉ፤ የኖራ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ክፉኛ ያዳልጣል።