ለቁራሌው የሸጥኩት ሸክላ

ባለፈው ቅዳሜ የወሩን ጤፍ ለመግዛት ከልጄ ጋር ወደ እህል በረንዳ ወርደን ነበር። አባቴ ሥራውን ለወንድሜ ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከመጋዘኑ በር ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ከምትቀመጠው ወንበራቸው አይጠፉም። መኪና ይራገፋል፣ ጫኝና አውራጆቹ «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ፣ ማኛው ከሰርገኛው ተለይቶ ይደረደራል። አቧራውን ታውቁታላችሁ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ እንደ ልማዱ ሁለቱንም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ደግሞ ምን እየሰማህ ነው?» አሉት አባቴ።

«የፊልም ሙዚቃ ነው አባባ። የአሜሪካ ፊልም።»

አንዱን ማዳመጫ አውጥቶ ሰጣቸው። አባቴ በእጃቸው ደገፍ አድርገው ጥቂት ሰሙ። ሳክስፎኑ ዜማውን ሳይጨርስ ፊታቸው በራ። «የምን አሜሪካ! ይሄማ የሙላቱ ነው። ሸክላው ቤቴ ነበር» አሉ።

«ነበር» ሲሉ ወደ እኔ አልዞሩም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ስለ ሙዚቃው ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልጄ የሰማው «የግሌ ትዝታ» የተባለውን የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ነው። ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ለተሰኘው ፊልሙ የጋሽ ሙላቱን ዜማዎች ተጠቀመ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ የተሸለመ ነው። ታሪኩ እኛን ወላጆችን ይነካል፤ ቢል መሬይ የሚጫወተው ብቸኛ ሰው «የ19 ዓመት ልጅ አለህ» የሚል ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ይደርሰውና የልጁን እናት ፍለጋ ይነሳል። ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ዊንስተን ለመንገዱ የሚሆን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። አባት የማያውቀውን ልጁን ፍለጋ መኪናውን ሲነዳ አብሮት የሚሄደው የእኛው ትዝታ ነው።

ጋሽ ሙላቱ ይህን ሥራ ለፊልም ብለው አልደረሱትም። ከፊልሙ በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ የሸክላ ሙዚቃ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልደው፣ ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተልከው፣ ሙዚቃ ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። (ልጆቻችሁ የመረጣችሁላቸውን ትምህርት ሲተዉ ይህን አስታውሱ።) ለንደን ተማሩ፣ ከዚያም ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን አወጡ። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ሥራዎቻቸውን በሸክላ አሳተመ። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ ሸክላ በካሴት ተተካ፣ የብዙ ቤት ሸክላም አቧራ ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ስብስቡ አራተኛውን ቁጥር ለጋሽ ሙላቱ ሰጠና ዜማዎቹ ለዓለም ተሰሙ።

ለምን አላረጁም? እኔ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ልጄና አባቴ በአንድ ማዳመጫ ሲሰሙ ሳያቸው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ዜማው ቃል የለውም። ልጄ በአባቴ ዘመን አማርኛ አይወቅሱትም፣ አባቴም በእሱ ዘመን አማርኛ አይደናገሩም። መሠረቱ ሁላችንም ከእናታችን ጉያ የሰማነው ባለ አምስት ድምፅ የትዝታ ቅኝት ነው፤ ከላዩ የጃዝ ስምምነት ተነጥፎበታል። አባቴ የሚያውቁትን ያገኙበታል፣ ልጄም የሚወደውን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ አባቴን ወደ እኛ ቤት ስናመጣ የእቃው ብዛት አስጨነቀኝ። የሸክላ ማጫወቻው መርፌው ተሰብሯል፤ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ደግሞ ከአልጋው ሥር አለ። በዚህ መሃል ከውጭ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ እህል በረንዳ ነበሩ፤ አልጠየቅኋቸውም። ማጫወቻውንም ሸክላውንም አንድ ኪሎ ሥጋ በማይገዛ ገንዘብ ሰጠሁ። ማታ ሲመጡ አልጋው ሥር አጎንብሰው አዩና «መርፌውን ላሠራው አስቤ ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ እስከ ባለፈው ቅዳሜም አንስተውት አያውቁም።

እነዚያ ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ይፈለጋሉ። የገንዘቡ ነገር ይቅር። ሙዚቃውንም ቢሆን ሌሎች ጠብቀውት ከልጄ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የማይገኘው የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው። በየሸክላው ሽፋን ጀርባ የገዙበትን ቀንና አብሯቸው የነበረውን ሰው ስም ይጽፉ ነበር። የእናቴም ስም እዚያ ነበረ።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ። «አባባ፣ የመጀመሪያውን ሸክላ ስትገዙ ማን አብሮዎት ነበር?» አላቸው። አባቴ ጥቂት አሰቡና ማውራት ያዙ። ወንድሜ ጤፉን መዝኖ ከጨረሰ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፤ ለእናቴ ገና ባሏ ሳይሆኑ ዜማ ያሰሟት እንደነበር እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ይቅርታ የጠየቅኋቸው ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። «ሸክላ ይሰበራል ልጄ» አሉኝ። «ይልቅ ለልጁ ንገሪው፣ የሚመጣው ቅዳሜም ይምጣ። ያልነገርኩት አለ።»

እናንተ ቤት አልጋ ሥር ምን አለ? ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ስትጠይቁም ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ይሁኑ።